ኩል ፈጪዋና የፈረንጁ ጠርሙስ

ቅድመ አያቴ ኡምኩልሱም አሶሳ ውስጥ ኩል ፈጪ ነበረች። የተዘጋጀ ኩል ለሚገዛ የዛሬ ሰው ይህ ሥራ ላይመስለው ይችላል፤ እስቲ ይሞክረው። ነጋዴዎች ከሱዳን የሚያመጡትን ጥቁር ድንጋይ ትወቅጣለች፣ ትፈጫለች፣ በስስ ጨርቅ ትነፋለች። ከዚያ በሁለት ጣቶቿ አሽታ ትንሽ እንኳ ከሻከራት ወደ ወፍጮው ትመልሰዋለች። ዓይን ውስጥ የሚገባ ነገር ነውና በዚህ ቀልድ አታውቅም። ከእሷ ኩል የላመ በምድር ላይ የለም ብላ ታምን ነበር፤ ኩራቷም ጎረቤት አላስቀምጥ ብሎ ነበር።

የዛሬ መቶ ሃያ ዓመት ግድም ልጇ ኢንዓም ቀርከሃ ስትቆርጥ ስንጥር እግሯን ወጋት። አበጠ፣ መገለ። ቅጠሉም ዱዓውም ተሞክሮ ትኩሳቱ ባሰ፤ ልጅቷም መናገር አቆመች። ኡምኩልሱም ያለቻት ልጅ እሷ ብቻ ነበረች።

የእህቷ ልጅ ዐወድ ለአንድ ወርቅ ፈላጊ እንግሊዛዊ ያስተረጉም ነበርና ሰውዬውን ከነመድኃኒት ሣጥኑ ይዞት መጣ። ጠርሙሱ ሲከፈት ቤቱን የመጠጥ ሽታ ሞላው። ኡምኩልሱም ቁስሉን በእጇ ከለለችና ይህ ነገር ልጄን አይነካም አለች።

ዐወድ ለመናት። ፈረንጁም ነገሩ አልኮል እንደሚባል፣ ስሙም ከዐረቦቹ ኩል እንደመጣ ተናገረ። መጀመሪያ የዓይኑ ዱቄት ስም ነበር። ቀጥሎ እጅግ የላመ ዱቄት ሁሉ በዚያ ተጠራ። ኋላም ቀማሚዎች ከአንድ ነገር አጣርተው የሚያወጡትን ረቂቁን ክፍል እንዲሁ አሉት፤ በመጨረሻ ከወይን ጠጅ የሚወጣው ስሙን ጠቅልሎ ወሰደው።

ኡምኩልሱም በስም የምትሸነፍ አልነበረችም። ኩል ከሆነ እንደ ኩል ይፈተናል ብላ ሁለት ጣቶቿን ዘረጋች። ፈረንጁ ጠብ አደረገላት። አሸችው። ቀዘቀዛት፤ ከዚያ ጠፋ። ቅንጣት አልቀረም፣ እርጥበት እንኳ። አስደግማ አሸች፤ እንደገና ጠፋ።

ፈራች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈጭ የኖረች ሴት፣ ከእሷ ጣት ወዲያ ገና ምን ያህል መንገድ እንዳለ ያኔ አየች። ይህን ሲነግሩኝ እኔንም ይነዝረኛል።

«ይህን ማን ፈጨው?» አለች ቀስ ብላ።

ዐወድ ፈረንጁን ጠይቆ መለሰላት፦ «እሳት ነው አክስቴ፤ እሳት ነው የፈጨው።»

እጇን ከቁስሉ ላይ አነሳች። ፈረንጁ ስንጥሩን አውጥቶ ቁስሉን ሲያጥበው፣ ከትናንት ጀምሮ ትንፍሽ ያላለችው ኢንዓም ጮኸች፤ ሰውዬውንም ከነአባቱ ሰደበችው። ኡምኩልሱም ያን ስድብ ሰምታ አለቀሰች። ልጇ ተመልሳላታለች።