ማጣሪያው የሰረዘው ዝናብ

ደብሪቱ የራዳር ባለሙያውን ማንያዘዋልን የምታውቀው በስልክ ድምፁ ብቻ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ማክሰኝት አጠገብ ዝናብ እየለካች እሱ ለሚሠራበት የጎንደር የአየር ትንበያ ቢሮ ታሳውቅ ነበር። አንድ ከሰዓት ከወንዙ በላይ ያለው ሰማይ ሲጠቁርባት ደወለች።

«ራዳሩ ላይ ምንም የለም፤ አትሸበሪ» አላት ማንያዘዋል፣ ስሟን እንኳ ሳይጠይቅ።

አመነችው። ታናሽ ወንድሟን ክንዴን «ግድ የለም፣ ወንዙን ተሻገር» አለችው። ደራሽ ውሃ ከነበሬዎቹ ጠራርጎ ወሰደው። ስለ አደጋው በኋላ የወጣው የቢሮው ሪፖርት ደግሞ «ከስፍራው የደወለ የለም» ይላል፤ ከግርጌው የማንያዘዋል ፊርማ አለ።

ቂሙን በሆዷ ይዛ ቆየች። ጎንደር ላይ የራዳር ሥልጠና ሲከፈት ተመዘገበች፤ አስተማሪው እሱ ራሱ ነበር። አላወቃትም። ጥርሷን ነክሳ የሚለውን ሁሉ ጻፈች። ራዳር ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ የዝናቡን ጠብታ ነክቶ ይመለሳል። ሄዶ እስኪመለስ በፈጀው ጊዜ ርቀቱ፣ በተመለሰው ጉልበት የዝናቡ ብርታት ይታወቃል። ተራራም ሞገድ ስለሚመልስ፣ የማይንቀሳቀሰውን የሚሰርዝ ማጣሪያ አለ።

«መምህር፣ እስቲ ይንገሩኝ» አለች። «ራዳሩ አንድ ነገር መንቀሳቀሱን በምን ያውቃል?»

«ወደ እሱ ሲቀርብ ወይም ሲርቅ ነዋ።»

«ሳይቀርብም ሳይርቅም በጎን የሚያልፍ ዝናብስ?»

«ሸጋ ጥያቄ ነው። ማጣሪያው ከልክ በላይ ከሰፋ ተራራ መስሎት ይሰርዘዋል። ጠንቃቃ ባለሙያ ያልተጣራውንም ምስል ያያል።»

ይህን ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

በመጨረሻው ቀን እያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ የቆየ የራዳር መረጃ መርጦ በኃላፊዎች ፊት ሊያብራራ ነበር። ደብሪቱ ክንዴ የሞተበትን ቀን መረጠች። መጀመሪያ የተጣራውን አሳየች፤ ባዶ ነበር። ቀጥላ ያልተጣራውን ከፈተች፤ ከወንዙ በላይ የከባድ ዝናብ ምልክት የሆነው ቀይ ቀለም ተንሰራፍቷል። ከቦርሳዋ የስልክ ጥሪዎቿን ዝርዝር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የቢሮው ቁጥርና ሰዓቱ በግልጽ ተጽፎበታል። እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ስትለው የቆየችውን ሰው ቀና ብላ አየችው።

«የደወለ የለም ብለህ ፈረምክ፤ የደወልኩት እኔ ነኝ። ወንድሜን ገደልክ፤ ከዚያም ዋሸህ።»

ኃላፊዎቹ ዝርዝሩን ማንያዘዋል ከፈረመበት ሪፖርት ጋር አስተያዩት።

ሪፖርቱ ታረመ፤ እሱም ከሥራው ተነሳ። ከወር በኋላ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስን ሽማግሌ አድርጎ ላከባት።

«ልጄ፣ ስለ እግዜር ብለሽ ማሪው።»

«አባ፣ ክንዴን ይዘውልኝ ይምጡና እታረቃለሁ» አለቻቸው። አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

ዛሬ ራዳሩ ላይ የምትሠራው ደብሪቱ ናት። ማንያዘዋል አራዳ ገበያ ላይ ካያት መንገድ ይሻገራል። እሷ ግን ቆማ፣ ጀርባው እስኪጠፋ ድረስ ታየዋለች።