በመዶሻ የተደፈነ ፍሬን

ሰው መምታት አያረካም የሚል ሰው ወይ መትቶ አያውቅም፣ ወይ ይዋሻል። እኔ ሚኒባሷን የሸጠልኝን ነጋዴ ስመታው ረክቻለሁ። እርካታው የቆየው ግን አፉን በመሐረብ ይዞ ከመሬት እስኪነሳ ድረስ ብቻ ነው።

ሰውየው ጉለሌ ውስጥ አሮጌ መኪና እያደሰ ይሸጣል። «ወንድሜ፣ ይቺ እኮ ለራሴ ያስቀመጥኳት ናት» አለኝ። ሜዳ ላይ ነዳኋት፤ ሞተሯ ድምፁ አይሰማም፤ ወደድኳት። ውሉ ላይ «አይቼና ፈትሼ ገዝቻለሁ» የሚል ነበረበት፤ ፈረምኩ። ምኑን እንዳየሁ እግዜር ይወቀው። በማግስቱ ጋራዥ መውሰድ ሲገባኝ ቁስቋም ማርያም ወስጄ ጠበል አስረጨኋት። ጎማዎቿ ሳይቀሩ ተረጩ። ቄሱ «ከክፉ ይጠብቅህ» ሲሉኝ ምርመራ እንዳለፈ ሰው ደረቴን ነፍቼ አሜን አልኩ።

ባለቤቴ ሽሮ ሜዳ ላሉ ሱቆች ጥልፍ ትጠልፋለች። የዚያን ሳምንት የጨረሰቻቸውን ቀሚሶች ታቅፋ ጋቢና አጠገቤ ተቀመጠች። ከቁስቋም ቁልቁል ስንወርድ ፍሬን ረገጥኩ፤ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ገባ። ደግሜ ረገጥኩ፤ ባዶ ነው። ማርሽ ቀነስኩ፣ የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ ጮህኩ። ፊት ለፊታችን መንገዱ በሰው ተሞልቷል። መሪውን ወደ ቀኝ ጠምዝዤ ከድንጋይ አጥር ጋር አላተምኳት። አጥሩ የገባው በባለቤቴ በኩል ነው። መስታወቱ ረገፈ፣ በሩ ተጨማደደ፣ ቀኝ እጇ መሃሉ ተቀርቅሮ ቀረ። ሰዎች በሩን በፌሮ ፈልቅቀው እስኪያወጧት ድረስ የጮኸችው ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ነጫጮቹ ቀሚሶች ደም በደም ሆኑ። ሦስቱ ጣቶቿ ከዚያ ወዲህ አይታጠፉም።

መካኒኩ ከሚኒባሷ ሥር ሲወጣ የፍሬን ቧንቧ ቁራጭ ይዞ ነበር። ጫፉ ተጨፍልቆ ጥፍጥፍ ብሏል።

«ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደው ቧንቧ ሲያፈስ መቀየር ነበረበት፤ ሻጩ በመዶሻ ጨፍልቆ ደፈነው» አለኝ። «የኋላ ጎማዎችህ ከመጀመሪያውም ፍሬን የላቸውም። ሁሉንም የተሸከመው የፊተኛው ነው፤ እሱም ቁልቁለቱ ላይ እጅ ሰጠ። በስህተት ነው እንዳትል፣ ከላዩ ቀለም ቀብቶበታል።»

ቧንቧውንና የሽያጭ ውሉን ይዤ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። የሸማቾችን አቤቱታ የምትቀበለው ሠራተኛ አገላብጣ አየቻቸው።

«ውሉ አያስፈራዎት» አለችኝ። «ጉድለቱን እያወቀ ከደበቀ፣ እርስዎ አይቻለሁ ብለው መፈረምዎ እሱን አያድነውም። መኪናዋን መልሶ እንዲረከብ፣ ለጉዳቱም እንዲጠየቅ ማመልከት ይችላሉ። ሰኞ የመካኒኩን ጽሑፍ ይዘው ይምጡና አቤቱታዎን ይፈርሙ።»

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። እስከ ሰኞ መታገስ ምን ይከብዳል? ለእኔ ከበደኝ።

ወደ ቤት ስመለስ በነጋዴው ደጅ አለፍኩ። ለአንድ ሰው ሌላ ሚኒባስ እያሳየ ነው። «ለራሴ ያስቀመጥኳት ናት» ሲል ሰማሁት። ደሜ ፈላ። ኮሌታውን ይዤ ከመኪናዋ በር ጋር አጋጨሁት፤ ሲወድቅ በቡጢ ደገምኩት፤ ሰለስኩት። ሁለት ጥርሶቹ መሬት ላይ ወደቁ። ሰዎች ባይጎትቱኝ እገድለው ነበር፤ ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም።

ፖሊስ ጣቢያ አደርኩ። በማግስቱ የሰፈር ሽማግሌዎች መጡ። «እሱ የጥርሱን ክስ ይተው፣ አንተም የመኪናዋን ተው» አሉኝ። በደንቡ መሠረት የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል። የመታሁት እኔ ነኝና ተሸካሚው እኔ ሆንኩ። ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አድርጌ እግሩ ሥር ተንበረከክሁ። «ለእግዚአብሔር ብዬ ትቻለሁ» አልኩ። እሱም ባበጠ አፉ «ለእግዚአብሔር» አለ። ሽማግሌዎቹ መረቁን፤ የእርቁን ወረቀት ፈረምን። እስር ፈርቼ ነበር፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ በግራ እጇ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ትታገላለች።

«ታረቅን» አልኳት።

መርፌውን አስቀመጠች። «የማንን እጅ ነው የተውክለት?»

«ሽማግሌዎቹ እኮ...»

«እኔን ጠየቁኝ? አንተስ ጠየቅከኝ? ሊብሬው ላይ የኔም ስም አለ አይደል?»

አለ። ድንጋዩን ስሸከም ያላፈርኩትን ያህል አፈርኩ።

ሰኞ የመካኒኩን ጽሑፍና ቧንቧውን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች፤ ከኋላዋ ተከተልኳት። ነጋዴው ቀድሞ የእርቁን ወረቀት ወደ ቢሮው ልኮ ኖሯል። ሠራተኛዋ ወረቀቱን አሳየቻትና «ባለቤትዎ እኮ ታርቀዋል» አለቻት።

«እሱ ታርቋል» አለች። «እኔ አልታረቅኩም።»

አቤቱታው ተሞልቶ ቀረበላት። እስክሪብቶውን በግራ እጇ ጨብጣ ስሟን መጻፍ ጀመረች። ፊደሉ ይንጋደዳል፣ ወረቀቱ ይንሸራተትባታል። ወረቀቱን ልይዝላት እጄን ዘረጋሁ።

«ያንን እጅህን አንሳልኝ» አለችኝ።