በእንግሊዙ ሳጥን የተቀመጠ መርዶ

ለንደን፣ ሼፈርድስ ቡሽ በሚባለው ሰፈር፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩትን አሮጊት እትዬ ነው የምላቸው። የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። ግን ሐኪም ቤት የማመላልሳቸው፣ ከሰፈሩ አስተዳደር፣ ከካውንስሉ የሚመጣባቸውን ወረቀት የማነብላቸው እኔ ነኝ። ጠባያቸው ቀላል እንዳይመስላችሁ! ሻይ ያሳነሱልኝ ቀን ተቆጥተውኛል ማለት ነው። እኔም ብሆን አልቻልም፤ ተኳርፈን የከረምንበት ጊዜ አለ።

አባታቸው አዲስ አበባ የአንድ እንግሊዛዊ ዲፕሎማት ምግብ አብሳይ ነበሩ። ሰውየው ወደ ኬንያ ሲዛወር አብሳዩን አስከትሎ በመኪና ወደ ደቡብ ወረደ። እትዬ ያኔ ገና የወተት ጥርሳቸው አልተነቀለም። ከዚያ ወዲያ የአባታቸው ወሬ ጠፋ። እናታቸው መጀመሪያ ጠበቁ፣ ቀጥሎ ተቀየሙ፣ በመጨረሻ መርገም ጀመሩ። እዚያ ሌላ አግብቶ፣ ሌላ ወልዶ ይንደላቀቃል እያሉ፣ እስከ ሞታቸው ድረስ ሲረግሟቸው ኖሩ።

እትዬ ግን አልረገሙም፤ አላለቀሱምም። መርዶ ሳይነገር እንዴት ይለቀሳል? ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ስም ሲያስጽፉ የእናታቸውን ከሙታን፣ የአባታቸውን ከሕያዋን ጋር ያስጽፋሉ። ቄሱ አንድ ጊዜ፣ ሰውየው ዛሬ ቢኖሩ እኮ መቶ ዓመት አልፏቸዋል ቢሏቸው፣ ሞተ ብሎ የነገረኝ ማን አለ ብለው አፋቸውን አስያዟቸው። እኔ ይህን ስሰማ እስቅ ነበር። ሳቄን ያቆምኩት፣ የልባቸው ነገር ብዙ እንደማያስኬዳቸው ሐኪሙ ከነገረን በኋላ ነው። ከሐኪም ቤት ስንመለስ ባስ ውስጥ ክንዴን ያዙኝ።

«ሳልሞት የአባቴን ነገር ልወቅ» አሉኝ። «ትቶን ሄዶ ከሆነ ከልቤ ልቁረጠው። ሞቶም ከሆነ ላልቅስለት።»

የእንግሊዙን ስም ከእናታቸው እርግማን ጋር ነው የተማሩት፣ አይረሱትም። ስልኬ ላይ ሰርች ባደርገው ጉድ! ሰውየው አገሩ ተመልሶ የፓርላማ አባል፣ ትልቅ ፖለቲከኛ ሆኖ ነው የሞተው። ወረቀቱንና ፎቶውን ሁሉ ቤተሰቡ ለአንድ መዝገብ ቤት ሰጥቷል። መዝገብ ቤቱ ያለውም እዚሁ ለንደን ነው። ይህን ሁሉ ዘመን አፍንጫችን ሥር ነበር። ወዲያው ቀጠሮ ቡክ አደረግኩ፤ ኬንያ የሄደበትን ዘመን የያዘውን ሳጥን አስወጡልኝ ብዬም ጻፍኩ።

ረቡዕ ሄድን። ቦርሳና ካፖርት ሎከር ውስጥ አስቆለፉን፤ ከእርሳስ በቀር ምንም አይገባም። እትዬ ነጠላዬን አልሰጥም ብለው በሩ ላይ ሊጣሉ ሲሉ ተዉአቸው። ክፍሉ ውስጥ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል፣ ሲያስልም በእጁ አፍኖ ነው። ሳጥኑ መጣልን። የሰውየው የእራት ግብዣ ካርድ፣ የልብስ ሰፊው ደረሰኝ፣ ምኑ ቅጡ። ሰው ጥራጊውን እንዲህ አክብሮ ሲያስቀምጥ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ከሥር የፎቶ አልበሙ ነበር፤ እንደ አራስ ልጅ ትራስ ላይ አስተኝተን ገለጥነው።

መኪና ተደግፎ የቆመ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው አየን። ይስቃል። እትዬ ፊታቸውን ወደ ፎቶው አስጠጉ። አባትዎ ናቸው ወይ ብዬ አልጠየቅኳቸውም፤ የትልቁ ልጃቸው ፊት ቁጭ ብሎበታል፤ ግንባሩም ያው፣ አገጩም ያው። ከሥሩ በነጭ እርሳስ «አብሳያችን፣ ከአዲስ አበባ» ይላል። ስማቸው የለም። በሚቀጥለው ገጽ ላይ ውሻው አለ፣ እሱ በስሙ ተጽፏል።

ሌላ ገጽ ስገልጥ ግራር ሥር የተከመረ ድንጋይ መጣ። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ።

«የአብሳዩ መቃብር። ወባ ነው። ድንበሩ ጋ ሳንደርስ ሞተ። ለሚስቱ መጻፍ አለብኝ።»

መጻፍ እንዳለበት ያውቅ ነበር እኮ! ለሚኒስትሩም ለሎርዱም ሲጽፍ የኖረ ሰው፣ ይህችን አንዲት ወረቀት ነፈጋቸው። ፎቶውን ግን አልረሳም፣ አሳምሮ ለጥፎታል። እግዜር ይይለት።

እትዬ ምን ይላል አሉኝ በሹክሹክታ። የመንገድ ምልክት ነው፣ ተጓዥ የካበው ድንጋይ ነው አልኳቸው። ዋሸሁ፣ አዎ። ታዲያ ምን ላድርግ? ቁርስ በአግባቡ ላልቀመሱ የልብ በሽተኛ፣ ድምፅ ማሰማት በማይቻልበት ክፍል፣ አባትዎ ሞተዋል ልበል? የእኔን አባት ሞት በስልክ ነው የሰማሁት፣ ሥራ ቦታ፣ እጄ ላይ የፕላስቲክ ጓንት እንዳለ። ያን ቀን በሰው ላይ እንዲህ አላደርግም ብዬ ምያለሁ። መርዶ በማለዳ፣ በቤት፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው።

ማታውኑ ለቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን ሰዎች ደውዬ ነገሩን ነገርኳቸው። አንዱ ባስ ነጂ ነው፣ አንዷ ሆስፒታል ሌሊት ትሠራለች፣ ቄሱ ራሳቸው በሥራ ቀን መጋዘን ውስጥ ይሠራሉ። ሁላችንን የሚያገናኘን ቅዳሜ ብቻ ሆነ። እስከዚያ እትዬ እንዳይሰሙ ተማማልን።

ዓርብ ከሰዓት መድኃኒታቸውን ይዤ ስገባ ፊታቸው ጠቁሮ አገኘኋቸው። ሻይም አላቀረቡልኝ።

«ሲስቅ አላየሽውም?» አሉኝ። «ኬንያ ደርሶ፣ ጠግቦ ነው የረሳን። እናቴ እውነቷን ነው።»

ያን ቀን ጠዋት እሳቸውም እንደ እናታቸው አባታቸውን ረግመዋል። ቄሱ ጋም ደውለው የአባታቸውን ስም ከጸሎቱ አስወጥተዋል፣ ከሕያዋንም ከሙታንም። ቄሱ መርዶውን እያወቁ፣ እሺ ብለው ስልኩን ዘግተዋል። እኔም ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። የቀረው አንድ ሌሊት ነው ብዬ ዋጥኩት። እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬም ነገሩን የሰሙ ሰዎች ሲወቅሱኝ፣ እዚያ የንባብ ክፍል ውስጥ አልናገርም ነበር እላለሁ። ስለ ዓርቡ ግን የምለው የለኝም።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ ነጠላችንን ለብሰን ደረጃውን ወጣን። እትዬ በሩን ከፍተው አዩን። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው ለምን እንደሚመጣ የእኛ ሰው አይጠፋውም። በሩን ይዘው ቆሙ።

«ከልጆቼ ማነው?» አሉ።

ቄሱ ልጆችዎ ደህና ናቸው አሏቸው። የእትዬ ፊት በራ። አባትዎ ናቸው ሲሏቸው ጭራሽ የገባቸው አልመሰለኝም። ደግፈን አስቀመጥናቸው፤ ቄሱ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሯቸው፤ መንገዱን፣ ወባውን፣ ግራሩ ሥር ያለውን ድንጋይ። እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። የመንገድ ምልክት ያልሽኝ እሱን ነው አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

«እናቴ ስትረግመው ሞቶ ነበር?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እኔም ትናንት።»

ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። እትዬ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸው።

«እኔስ ሰማሁ» አሉ። «ለእናቴ ማን ይነግርልኛል?»

ቄሱ ምንጣፉን ነበር የሚያዩት። እትዬ ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ማልቀስ ጀመሩ። እየደጋገሙ የጠሩት ግን አባታቸውን አልነበረም፣ እናታቸውን ነበር።