በማስመሪያ የተሣለ አበባ

ከነገ ጀምሮ እረፍት ስለምወጣ፣ ተክቶኝ ሥዕል ለሚያስተምረው መምህር የትምህርት ዕቅድ እየጻፍኩ ነው። እርሳሴን ስቀርጽ የእንጨቱ ሽታ ወደ ዘጠነኛ ክፍል መለሰኝ።

ያኔም የሥዕል መምህራችን ስለታመሙ አንድ አዛውንት የሒሳብ መምህር ተተኩልን። ስለ ሥዕል ያላቸው ዕውቀት ከማስመሪያቸው አይረዝምም ነበር። በዚያችው ማስመሪያ ሰሌዳው ላይ የአበባ ማስቀመጫ ከነአበባው ሣሉና "ገልብጡ!" ብለው ጋዜጣቸውን ዘረጉ። ክፍሉ በሙሉ ገለበጠ። እኔ ግን በመስኮቱ የሚታዩኝን የቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ባሕር ዛፎች ሣልኩ።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው፣ አንቺ?"

"በመስኮት የሚታየው ነው፣ ቲቸር።"

"መስኮት ፈተና ላይ አይመጣም!"

ክፍሉ ሳቀ። ዛፎቼ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ጻፉባቸው፤ ዜሮዋንም አጣመው።

ዕቅዴ ላይ "እባክዎ፣ ተማሪዎቹ በመስኮት የሚያዩትን ይሣሉ" ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ ቆይቼ "እባክዎ" የሚለውን ሰረዝኩት።