የእማማ አንገት

አሜሪካ፣ ክሪስታል የምትባል ከተማ ውስጥ አንዲት አሮጊት ቤታቸው እየሄድኩ ማስታመም የጀመርኩ ቀን አንገታቸው ላይ ጠባሳ አየሁና ምርመራዬን እዚያው ጨረስኩ። እንቅርት ነው አልኩ። እኔ ባደግኩበት አገር እንቅርት የማያውቅ ሰው የለም። በነጋታው አዮዲን ያለበት ጨው ይዤላቸው ሄድኩ። ሰርተፍኬቴ የሚያዘኝ ማጠብ፣ ማልበስና መድኃኒት ማስታወስ ብቻ ነው፤ ሐኪምነቱን ከራሴ ጨመርኩበት።

እማማ (ስማቸውን መጥራት ስለከበደኝ እንዲህ ነበር የምላቸው) ጨዉን አይተው ሳቁ። "ጨውሽ የሚጠቅመው ዕጢ የለኝም፤ አውጥተውታል" አሉኝ። የተወለዱት ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ባለች ደሴት ነው። ልጅ ሳሉ አሜሪካኖች ከደሴቲቱ ማዶ የኑክሌር ቦምብ ሞከሩ። ከሰማይ ነጭ አመድ ወረደ፤ ልጆቹም ጨረር እንዳለበት ሳያውቁ ተጫወቱበት። ከዚያ በኋላ ሐኪሞች በየዓመቱ በመርከብ እየመጡ ደም ይቀዱ፣ ፎቶ ያነሱ፣ አንገት ይዳስሱ ነበር። ውጤቱን ለአንገቱ ባለቤት የነገረ ግን የለም። እህታቸው በደም ካንሰር ሞተች። እሳቸው ቦምቡን በሠራው አገር፣ በየማለዳው የዚያችን ዕጢ ምትክ ክኒን እየዋጡ ይኖራሉ። "መድኃኒታቸው ጥሩ ነው" ይላሉ፤ አለማመስገን አይወዱም።

አንድ ቀን ሳጥባቸው ከጠባሳው በታች አዲስ እብጠት እጄ ላይ መጣ። ደነገጥኩ። ማስተማሪያ ሆስፒታል ያለች አንዲት የዕጢ ሐኪም ጋ እንሂድ ብላቸው እምቢ አሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለመንኳቸው። በመጨረሻ "እሺ፤ ግን ሐኪሟ ብቻ ትሁን። ከሷ ሌላ ማንም አንገቴን አይነካም" አሉ። ቃል ገባሁላቸው።

ሐኪሟ ወጣትና ትሑት ናት። የደሴቲቱን ታሪክ ስትሰማ ዓይኗ በራ። "እንዲህ ዓይነት ታካሚ ገጥሞን አያውቅም። ተማሪዎቼ ገብተው ቢያዩ ቅር ይላችኋል?" ብላ ጠየቀች፣ እኔን እያየች።

እኔ ደግሞ ይሉኝታ የፈጠረኝ ሰው ነኝ። እግሬን የረገጠኝን ሰው ይቅርታ እጠይቃለሁ። "ኖ ፕሮብሌም፣ ይግቡ" አልኩ። ቃል መግባቴ ትዝ ያለኝ ይህን ከተናገርኩ በኋላ ነው። ስድስት ተማሪዎች ገቡ፤ ሁሉም ጨዋ፣ ሁሉም ጓንት ያጠለቁ።

እማማ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ ላይ ቆለፉ፣ ሐኪሟን አመሰገኑና ወጡ። እብጠቱም ሳይታይ አብሯቸው ወጣ።

መኪና ውስጥ እንደገባን አለቀስኩ። እንደዚያን ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። "ክፉ አስቤ አይደለም። እምቢ ማለት ነውር መስሎኝ ነው።"

ቀበቷቸውን አስረው ሲያበቁ እጄን መታ መታ አደረጉት።

"አውቃለሁ ልጄ" አሉኝ። "ደሴቱ ላይ በእኛ ፈንታ ለመርከቡ ሐኪሞች እሺ ያለላቸው ሰውዬም ክፉ አልነበረም።"