የጋሽ ቆጣሪ ደብተር

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። በየግቢው አንኳኩተው "ቆጣሪ!" ሲሉ ያልተከፈተላቸው በር የለም፤ ተናካሹ ውሻ እንኳ ለምዷቸው ጅራቱን ይቆላ ነበር። ከዚያ ጡረታ ወጡ፣ ባለቤታቸው ሞቱባቸው፣ ግቢው ውስጥ ያሉትን ሦስት ክፍሎች ለአንዲት ነርስ፣ ለልብስ ሰፊና ለአስተማሪ አከራዩ። መጠሪያቸው ግን አብሯቸው ቀረ፤ ጋሽ ቆጣሪ።

ግቢው የሚጠቀመው በአንድ ዋይፋይ ነው። ለወር የተመደበው ጊጋ ወሩ ሳይጋመስ ያልቅና "ማን ጨረሰው?" የሚል ጭቅጭቅ ይነሳል። ጋሽ ቆጣሪ መነጽራቸውን ሰክተው፣ የእያንዳንዱ ስልክ ፍጆታ ዋይፋዩ ላይ እንዴት እንደሚታይ ተማሩ። አመል መቼ ጡረታ ይወጣል! ጠዋት ጠዋት ቁጥሩን ደብተር ላይ እየጻፉ በየበሩ ማንኳኳት ጀመሩ።

"ቆጣሪ! ነርሷ፣ ትናንት ሁለት ጊጋ በልተሻል።"

"እኔ? ኧረ ጋሼ፣ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ፣ ተኝቼ ነው የዋልኩት!"

"እንግዲያው አንቺ ስትተኚ ስልክሽ ሲበላ ውሏል።"

ልብስ ሰፊው በሳቅ ይሞታል። አስተማሪው ግን ደብተሩን ካላየሁ ብሎ ይሟገታል። እዚህ በር ላይ አምስት ደቂቃ፣ እዚያ ሦስት። እውነቱን ለመናገር፣ ጋሽ ቆጣሪ በቀን ውስጥ ከሰው ጋር የሚያወሩት ይህችኑ ነበር። የቀረው ሰዓት አልገፋ እያለ ያስቸግራቸዋል፤ ብቸኝነቱ ከብዷቸዋል፣ ለማንም ግን አልተናገሩም።

ተከራዮቹ ተማክረው ገደብ የሌለው መስመር አስገቡ። "ከእንግዲህ አይድከሙ ጋሼ፣ አሳረፍንዎት" አለች ነርሷ፣ ደግ የሠራች መስሏት።

መስመሩን ሊቀይር የመጣው ቴክኒሻን የስልኮቹን ዝርዝር እያየ ጠየቃቸው።

"አባባ፣ ይሄኛው ወሩን ሙሉ ምንም አልተጠቀመም። የተበላሸ ስልክ ነው? ላጥፋው?"

"ተወው" አሉ። "የኔ ነው።"

በማግስቱ ጠዋት እግራቸው እንደለመደው ነርሷ በር ላይ አደረሳቸው። አንኳኩ።

"ማነው?"

"ቆጣሪ።"

"ውይ ጋሼ፣ አሁን እኮ አይቆጠርም! እንደ ልብ ነው!" አለች ከውስጥ እየሳቀች። በሩ አልተከፈተም።

ጋሽ ቆጣሪ ሌላ የሚሉት ነገር ፈለጉ። ሠላሳ ዓመት የሰው በር ሲያንኳኩ ኖረው፣ የሚነበብ ነገር ከሌለ ምን ተብሎ እንደሚገባ አያውቁም።

"እሺ ልጄ" አሉና ደብተራቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ተመለሱ።