የደሳለኝ ካፖርት በጨንቻ ጉም ውስጥ

ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ መምህር ጌታሁን ስሜን ጠሩና የትምህርት ቤታችን የጋዜጣ ክበብ ካሜራ ለነገ ለእኔ እንደተፈቀደ ነገሩን። ለእኔ! እስከዚያ ቀን ካሜራው ከሴት ተማሪ አንገት ላይ ውሎ አያውቅም። ምክንያቱ ደግሞ ፎቶ ማንሳቴ አልነበረም፤ አምና ስለ ዝናብ የጻፍኳት አንዲት ገጽ ነበረች። «ማንሳት ማንም ይለምዳል፤ ያየሽውን መጻፍ ግን ትችያለሽ» አሉኝ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ የቀሩትም ስምንት ፎቶዎች ብቻ ናቸው። ትእዛዙ የመስከረምን ወፎችና አበቦች፣ ከሁሉም በላይ የጨንቻዋን ወፍ ሶሪትን አንስቼ እንድመጣ፣ ቀለሙን ደግሞ በቃላት እንድሞላ ነው። ቤቴ እስክደርስ ብቻዬን እየሳቅኩ ሄድኩ። እናቴ ሳቄን ሰምታ ሎተሪ የወጣልን መስሏት ከጓሮ ሮጣ መጣች።

እንግዲህ አንባቢዎቼ (ይህችን ቃል መጻፍ እንዴት ደስ ይላል!) አብረን እንሂድ።

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ

ጋሽ ጴጥሮስ የአባቴ የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ናቸው፤ ወደ ጨንቻ ገበያ የሚወጣ አሮጌ የጭነት መኪና ይነዳሉ። አባቴ አደራ ብሎ አስረከባቸውና ጋቢና ገባሁ። ከኋላ ሙዝ፣ የጨው ከረጢት፣ የጋዝ ጀሪካን፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎችና በሁለት ሁለት ብር የተሳፈሩ ነጋዴ ሴቶች አሉ። ካሜራውን በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ እንደ ሕፃን ይዤዋለሁ።

ጋሽ ጴጥሮስ ምን ላነሳ እንደምሄድ ጠየቁኝ። ወፍ አልኳቸው። ማርሽ ቀየሩ።

«ሰው እንኳ ፎቶ ቤት ሲሄድ ተበጥሮ ነው» አሉ። «ወፉን ማን ሊያበጥርልሽ ነው?»

1 ሰዓት፣ ኬላው

ጠባቂው የመሸኛ ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ካሜራውን ተቀብሎ ዓይኑ ላይ አድርጎ ወደ ዓባያ ሐይቅ ተመለከተ። ሲመልስልኝ ፊቱ ላይ ፈገግታ ያለ መሰለኝ፤ ግን አልነበረም።

«ወፍና አበባ ነው የሚለው። ሰው አይልም» አለኝ።

አይልም አልኩ። ላይ ጉም እንደወረደና በጉም ውስጥ ያየሁትን ሁሉ እንዳላነሳ መክሮኝ ገመዱን ዝቅ አደረገ።

2 ሰዓት ተኩል፣ አቀበቱ ላይ

ከዋናው መንገድ ተገንጥለን እየተጠማዘዝን እንወጣለን። በስተኋላችን ሁለቱ ሐይቆች ይታያሉ፤ ዓባያ የሸክላ ውኃ ይመስላል፣ ጫሞ ሰማያዊ ነው። ጋሽ ጴጥሮስ ሞተሩን ባቀዘቀዙ ቁጥር እኔ እወርዳለሁ። አንደኛው ፎቶ ንብ የምትበላ አረንጓዴ ወፍ፣ ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ። ሁለተኛው ቁልቁለቱን ያለበሰው አደይ። ሦስተኛው ከግራር ላይ የተንጠለጠሉ የወፍ ጎጆዎች። አራተኛው ችቦ የመሰለ ቀይ አበባና አናቱ ላይ ጥቁር ጥንዚዛ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ነጋዴዎቹ ከላይ ሆነው አንዷ ዶሮዋን እንዳነሳላት ስትጠይቀኝ ሌላዋ መጀመሪያ ታጥበሽ ተበጠሪ እያለች ትስቅባታለች።

ከዚያ ጉሙ መጣ። ቀስ እያለ አልመጣም፤ አንድ ኩርባ ዞርን፣ ዓለም ጠፋ። ጋሽ ጴጥሮስ ጥሩምባ ነፉ። ከላይ ሌላ ጥሩምባ መለሰልን። መኪናውን ወደ ጥግ አስጠግተው አቆሙ። ጠበቅን። ሴቶቹ አንገታቸውን አስግገው አዳመጡ። የሚወርድ መኪና አልነበረም።

«የገደሉ ማሚቶ ነው» ብለው መንዳት ጀመሩ። የእኛ ጥሩምባ ግን ቀጭን ነው፤ ያኛው ወፍራም ነበር።

4 ሰዓት፣ ጨንቻ

ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ገበያው አለ፣ ግን አይታይም፤ ስትጠጉት ብቻ ከነጭ ውስጥ አንድ ፊት፣ አንድ ቅርጫት ጎመን፣ አንድ ጥቅል ጥጥ ብቅ ይላል። ሁሉም ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። ወጣት ወንድ ብዙ አላየሁም፤ ገሚሱ አዲስ አበባ ሽመና ላይ ነው፣ ገሚሱ ሰሜን ዘምቷል። ትኩስ ቆጮ በዳጣ በርበሬ ገዝቼ እየበላሁ በገበያው ዳር አለፍኩ። ረጃጅሞቹ የቀርከሃ ቤቶች በጉሙ ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው የቆሙ ዝሆኖች ይመስላሉ። አጥር ላይ አንድ ማጅራቱ ነጭ የሆነ ቁራ አነሳሁ፤ ከዚያ ጤዛ ያዘለ የባቄላ አበባ፣ ከዚያ ሁለት ዋኔ ርግቦች። ሰባት። ለሶሪቷ አንድ ቀረኝ።

ድምጿን ሰማሁ፤ ጉሮሮዋን እንደታመመች ሴት ትጮኻለች። ተከትያት ወደ ቀርከሃው ገባሁ። ድምጿ ቆመ። በቦታው ሌላ ድምፅ መጣ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ የሸማኔ ዕቃ። ጉሙ ውስጥ አንድ ቤት፣ ከበረንዳው ሥር ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሰ፣ ጸጉሩ የተቆረጠ ልጅ። ሰላምታ ሰጠሁት። ቀና አለና በሴት ድምፅ መለሰልኝ።

ቆጮው ከእጄ ወደቀ። በጋሞ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ ሴት ሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ አይቼም ሰምቼም አላውቅም።

«አትፍሪ፣ ሰው ነኝ» አለችኝ። «ዘነበች እባላለሁ። የለበስኩት የወንድሜን ነው።»

ከውስጥ የእናትየው ድምፅ ተጣራ፤ «ደሳለኝ፣ እንግዳዋን አስገባት እንጂ።»

ዘነበችም «እሺ እማ» ብላ ከጉድጓዱ ወጣች።

የእማማ ወርቄ ቤት

እማማ ወርቄ ምድጃው አጠገብ ጥጥ ይፈትላሉ። በቤታችን ጋሞኛ ስለምንናገር ያጫወቱኝን ሁሉ ያለአስተርጓሚ ሰማሁ። ደሳለኝ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከአምና ፋሲካ ወዲህ ደብዳቤ የለም። ያለችው አንዲት ፎቶው መታወቂያው ላይ ተለጥፋ አብራው ሄዳለች። ፊቱ ከዓይናቸው እየጠፋ ሲያስቸግራቸው በዓመት የምታንሰው፣ ቁርጥ እሱን የምትመስለው እህቱ ካፖርቱን ለበሰች፣ ጸጉሯንም ቆረጡት። እሱ በሚሸምንበት ሰዓት ትሸምናለች፤ እሱ በሚገባበት ሰዓት በሩ ላይ ትቆማለች።

ዘነበች ውጭ ልትሸኘኝ ስትወጣ የቀረውን ነገረችኝ። ስምንተኛ ክፍልን አልፋለች፤ ዘጠነኛ ለመማር አርባ ምንጭ መውረድ አለባት፤ ምዝገባው ሐሙስ ያበቃል። እናቷን ስትለምን መልሳቸው አንድ ነው፤ «አንቺ ከሄድሽ ሁለት ልጅ ነው የሚሄድብኝ።»

ካሜራዬን አየችው።

«ፊቱ ወረቀት ላይ ከቀረላት» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔም ፊቴን ይዤ እሄዳለሁ።»

አንድ ፎቶ ነበር የቀረኝ። አንባቢዎቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እምቢ ልላት ነበር። መምህር ጌታሁን የሚጠብቋትን ሶሪት፣ ደብዳቤው ላይ ያለውን ቃል አሰብኩ። ከዚያ አደዩ መሀል እንድትቆም ነገርኳት፤ ደብዳቤዬ አበባ ይፈቅዳል።

እማማ ወርቄ ወጡ። ኮሌታውን አስተካከሉላት፤ የሌለ አቧራ ከትከሻዋ አራገፉ። በላህ ወይ ብለው ጠየቁ፤ እዚያ ብርድ አለ ወይ፣ ጫማህ አይጠብህም ወይ አሉ። ዘነበች በጎርናና ድምፅ «በልቻለሁ እማ፣ ብርድ የለም» አለች። የሷ ድምፅ አልነበረም። ሁለት እጆቿን ወደ ታች ዘርግታ፣ አንድ ትከሻዋን ዝቅ አድርጋ ቆመች። ጉሙ ከጉልበቷ በታች ይሄዳል።

ያኔ ሶሪቷ መጣች። ከጎኔ ካለ ኮሶ ዛፍ ላይ፣ አሥር እርምጃ። አረንጓዴ ናት፣ እንደ ጎመን ሳይሆን እንደ ረግረግ ሣር፤ ጉንጯ ነጭ። ክንፏን ስትዘረጋው ውስጡ ቀይ፣ ትኩስ ቀይ፣ ከዚያ ሁሉ ነጭ መሀል የተቀደደ ቦታ የሚመስል። ካሜራውን አላዞርኩም። ቀጭ አደረግኩት። ሶሪቷን በቃላት ያመጣሁላችሁ ለዚህ ነው።

9 ሰዓት፣ ቁልቁለቱ

ጋሽ ጴጥሮስ ወፏን አገኘሽ ወይ ሲሉኝ አገኘኋት አልኩ። ከኩርባው በታች ፀሐይ ነበረች፤ ሐይቆቹ በቦታቸው ነበሩ። ዞሬ ሳይ ጉሙ ተራራው ላይ እንደ ክዳን ተቀምጧል። ነጋዴዎቹ እያወሩ ነው፤ እኔ ግን እስከ ሲቀላ ድረስ ቀጭ፣ ቀጭ የሚለው ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ የሆነው

ፎቶዎቹ ሰኞ ታጠቡ። ማክሰኞ፣ በሁለተኛው የጨንቻ ገበያ ቀን፣ ጋሽ ጴጥሮስ ስምንተኛውን ይዘው ወጡ። ወደ ማታ ሲመለሱ ጋቢናው ውስጥ አንዲት ቀሚስ የለበሰች፣ ጸጉሯ አጭር የሆነ ልጅ ነበረች። ዘነበች ረቡዕ ተመዘገበች። አሁን ከእኔ ጋር ነው የምታድረው፤ በሳቋ እናቴን ታስቆጣለች።

እንዴት እንደተፈቀደላት የነገረችን እሷው ናት። እማማ ወርቄ ፎቶውን ወደ በሩ ብርሃን ይዘው ብዙ ቆዩ። ያሳዩዋት ፊቱን አልነበረም፤ እጁን ነው። በፎቶው ላይ ግራ እጁ በካፖርቱ ደረት ውስጥ ገብቷል። ደሳለኝ ሕፃን ሳለ ግራ እጁ በፈላ ውኃ ተቃጥሎ ነበር፤ ሰው ፊት ሲቆም ሁልጊዜ እንዲያ ይደብቀዋል።

«እኔ እጄን ዘርግቼ ነበር የቆምኩት» አለችኝ ዘነበች። እኔም ያየሁት እንደዚያ ነው። መምህር ጌታሁን የጉም ጥላ ነው ይላሉ። ይሁን።

እማማ ወርቄ ግን ካፖርቱን አጥፈው አስቀመጡና ልጃቸውን በገዛ ስሟ ጠርተው ሂጂ አሏት።

ከሷ ጋር መልእክት ልከውልኛል፤ የምትጽፊውን ለሚያነቡ ሁሉ ንገሪልኝ ብለዋል። የመስቀል ዕለት ምድጃው አጠገብ የደሳለኝ ቦታ ባዶ ሆኖ ሥጋ አይቆረስም። ከሰሜን የተመለሰም ይሁን፣ ቤቱ የራቀበትም ይሁን፣ እንዲሁ የራበውም ይሁን፣ መጥቶ እዚያ ይቀመጥ። የጋሽ ጴጥሮስ መኪና ሲነጋ ከሲቀላ ገበያ ይነሳል። ከጨንቻ ገበያ ዳር ቀርከሃውን ይዛችሁ ግቡ። በሩ አጭር ነው፣ ጎንበስ በሉ። ውስጡ ጨለማ ስለሆነ መጀመሪያ ፊታችሁ አይታይም፤ ስለዚህ ገና ከደጃፉ ሳላችሁ፣ እማማ ወርቄ «ደሳለኝ» ብለው ሳይጣሩ በፊት፣ ስማችሁን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ።